ቁጥር ሁለት አሳንሰር፦ የጥገና ማስታወሻ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 8

ሰኞ፣ መስከረም 20

ሥራውን ዛሬ ተረከብኩ። ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ከምድር ወለል እስከ ስድስተኛ ፎቅ የሚመላለሱ ሁለት የአልጋ አሳንሰሮች አሉት። ቁጥር ሁለት ከቆመ አራት ወር አልፎታል። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ «ሞተሩ ደክሟል፤ ይለወጥ» ብሎ ጽፎ ሄዷል። የአዲስ ሞተር ዋጋ ሲሰማ ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ፤ በሩ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት።

ወደ ማሽን ክፍሉ ከመውጣቴ በፊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ አንድ ሰዓት ያህል ተመለከትኩ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ እዚያ ነው፤ ታካሚዎቹ የሚተኙት ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምግብ ጋሪውን፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን፣ ጠያቂውንና ሐኪሙን ሁሉ የሚያመላልሰው ቁጥር አንድ ብቻውን ነው። ገና ከቀዶ ሕክምና የወጣች አንዲት እናት ሩብ ሰዓት ያህል ከጠበቀች በኋላ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው በደረጃ ይዘዋት ወጡ። ከእግርጌ የያዘው ወጣት በየመታጠፊያው ቃሬዛው እንዳያዘነብል እስከ ትከሻው ያነሣዋል። ነርሷ ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ከጎን ከጎን ትሮጣለች። የሥራው መለኪያ ለእኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይህ ሆነ።

ከዚያ አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ የቁጥር ሁለትን በር በመዳፌ ወደ ጎን ገፋሁት። ተከፈተ። ካቢኑ ምድር ወለል ላይ ነበር፤ ከፊቴ የነበረው አምስት ፎቅ ሙሉ ባዶ ጉድጓድ ነው። ከኮሪደሩ ማዶ ሁለት ሕፃናት እናታቸውን ለመጠየቅ ተራ ይጠብቁ ነበር።

በሩን ዘግቼ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ቁልፍ አሰርኩት። ሰባቱንም ፎቅ ዞሬ ሞከርኩ፤ የሁለተኛው ፎቅ በርም እንዲሁ በእጅ ይከፈታል። ሁለቱም ሳይታሰሩ ወደ ቤቴ አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 21

አሳንሰሩ 1600 ኪሎ ግራም ወይም 21 ሰው የሚጭን፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ነው። ካቢኑ በወርድ 1.40፣ በርዝመት 2.40 ሜትር ስለሆነ አልጋና ሁለት አስታማሚ ይይዛል።

ጠዋት የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፈትኩ። የማንኛውም አሳንሰር የደህንነት መስመር አንድ ነጠላ መንገድ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የእያንዳንዱን በር መቆለፊያ፣ የገቨርነሩን (የፍጥነት ተቆጣጣሪውን) ማብሪያ፣ የታችኛውን ጉድጓድ ማቆሚያ እየነካ ያልፋል። ከነዚህ አንዷ ከተከፈተች ሞተሩም ፍሬኑም ኃይል ያጣሉ፤ ፍሬኑ ኃይል ሲያጣ ደግሞ ይይዛል። እዚህ ግን የሁለቱ በሮች መቆለፊያ ሲከፈት ቴስተሬ አሁንም 110 ቮልት ያሳያል። መስመሩን እየተከተልኩ ስሄድ ከተርሚናሎቹ ጀርባ ስንዝር የማትሞላ ቀይ ሽቦ አገኘሁ። ጫፎቿ በፒንሳ ተጠምዝዘዋል፤ ጥቁር ፕላስተርም ተጠቅልሎባታል። በሮቹ ቢከፈቱም ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍ ሁለቱን መቆለፊያዎች ዘልላቸዋለች።

ይህን የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ከታች «ዛሬ ይነሣ» እየተባለ ይደወላል፣ ታካሚ ይጠብቃል፣ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል። እኔም እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህች ሽቦ ማንንም አልረዳችም፤ በሩ መዘጋቱን የምታውቀውን ብቸኛ ዓይን አሳወረች እንጂ። ነቅዬ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ለጠፍኳት።

በሮቹ ለምን ተበላሹ? የአምስተኛውን ፎቅ ደፍ በእጅ ባትሪ አየሁት። የበሩ ጫማ የሚንሸራተትበት ጎድጓዳ መስመር በጋዝ ጨርቅ ክር፣ በመርፌ ክዳን፣ በጓንት ቅዳጅ፣ በፕላስተር ቁራጭ ተሞልቷል። ወለሉ በየቀኑ 0.5 ከመቶ በሆነ የክሎሪን ውሃ ስለሚወለወል ይህ ሁሉ ተላቁጦና ደርቆ እንደ ምርጊት ጠንክሯል፤ የደፉንም ብሎኖች ዝገት በልቷቸዋል። በሩ ሊዘጋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ይቆማል። ያኔ የመቆለፊያው ምላስ አይገባም፤ ምላሱ ካልገባ አሳንሰሩ አይነሣም። ያ ባለሙያ በአሮጌ ካቻቢቴ ግማሽ ሰዓት ቢፋቀው ኖሮ ቀዩዋ ሽቦ ባላስፈለገች ነበር።

ረዳቴ ሰባቱን ደፎች ሲፍቅ ዋለ። አንድ ማሰሮ የሚሞላ ቆሻሻ ወጣ።

ረቡዕ፣ መስከረም 22

የታችኛው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ አለ። ከፊሉ የክረምቱ ነው፤ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቷል። ከፊሉ ደግሞ ከምድር ወለሉ ደፍ የወረደ የመወልወያ ውሃ ነው። የገቨርነሩን ገመድ የሚወጥረው ክብደት ውሃው ላይ ተኝቷል። ውሃውን በፓምፕ አወጣን፤ ስንጥቁን ውሃ በማያሳልፍ ሲሚንቶ ደፈንን።

ክሎሪኑን ተዉ ልል አልችልም፤ ሆስፒታል ነው። ከጽዳት ሠራተኞቹ ኃላፊ ጋር የተስማማነው ደፉ አጠገብ ውሃ በባልዲ እንዳይፈስ፣ ጨርቁ ተጨምቆ እንዲጠረግ፣ ጎድጓዳው ደግሞ በየቀኑ በደረቅ ብሩሽ እንዲጸዳ ነው። «ይህንን ነግሮን የሚያውቅ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 24

የሁለቱ በሮች መቆለፊያ ታዝዟል፤ ሰኞ ይደርሳል ተብሏል። እስከዚያ የማሽን ክፍሉን ጨረስኩ። የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ተቀየረ። ፍሬኑ ከበሮ ላይ የዘይት ጠብታ ስላገኘሁ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ ለወጥኩ፤ የፍሬኑንም ሽፋን አጸዳሁ። የሞተሩ ኩሽኔታዎች ደህና ናቸው። ጆሮዬን በረጅም ካቻቢቴ እጀታ ላይ አድርጌ አዳመጥኳቸው፤ ንጹሕ ድምፅ ነው። የሽቦውንም ኢንሱሌሽን ለካሁ፤ ጤነኛ ነው። «ደክሟል» የተባለው ሞተር ይህ ነው?

አምስቱ የብረት ገመዶች አዲስ ሳሉ 13 ሚሊ ሜትር ነበሩ፤ አሁን 12.6 ናቸው። ከአሥር አንድ እጅ ሲቀጥኑ ይለወጣሉ፤ ገና ናቸው። እያንዳንዷን ገመድ በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ አስኬድኩ፤ ጨርቁን የሚይዝ የተበጠሰ ክር የለም።

የጥበቃ ሠራተኛው ቡና ይዘውልን ወጡና «ጋሼ፣ ከገመዶቹ አንዱ ቢበጠስስ?» ብለው ጠየቁ። ገመዶቹ አንድ ላይ የሚሸከሙትን ክብደት ቢያንስ አሥራ ሁለት እጥፍ እንዲችሉ ተደርገው እንደሚመረጡ ነገርኳቸው። ገረማቸው። ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈራው ገመዱን ነው፤ የሚያስፈራው ግን በሩ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 27

መቆለፊያዎቹ ደረሱ። አምስተኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገጠምናቸው፤ የሌሎቹን አምስት በሮች ደግሞ አስተካከልን። ካቢኑ ከመነሣቱ በፊት የመቆለፊያው ምላስ ቢያንስ 7 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። አራተኛ ፎቅ ላይ የለካሁት 3 ነበር፤ አልጋ ገጭቶት የበሩ መስቀያ ጎብጧል። አቃንተን 9 አደረስነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሰንሰለቶቹን ፈታሁ። ሰባቱን በሮች አንድ በአንድ በሙሉ ጉልበቴ ገፋሁ። አንዱም አልተነቃነቀም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ባዶውን ካቢን አስኬድነው፤ ጥሩ ነው። ሰው ስንጭን ግን ችግሩ ብቅ አለ። ወደ ላይ ሲወጣ ሞተሩ ያቃስታል፤ ሲወርድ ደግሞ ከወለሉ 4.5 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይቆማል። ሰው ሞልቶ ለአራተኛ ጊዜ ሲወጣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር የሙቀት ስሕተት አሳይቶ ቆመ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የኢንቨርተር አቅም የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀቱን በሚገባ አያነሣለትም። ስለዚህ በየመቶ ሜትሩ 1 ከመቶ ያህል አቅም ይቀነሳል። 15 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ኢንቨርተር እዚህ 13 ገደማ ነው ማለት ነው። ይህን ሳያሰሉ ዕቃ የሚያስመጡ ብዙ ናቸው። ማራገቢያውን ከአቧራ አጸዳን፤ የማሽን ክፍሉን መስኮት ከፈትን። ስሕተቱ ዘገየ እንጂ አልጠፋም።

ረቡዕ፣ መስከረም 29

የዛሬው ቀን የዚህ ሥራ ዋና ቀን ነው።

አሳንሰር የሚሠራው በሚዛን ነው። ከገመዱ በአንዱ ጫፍ ካቢኑ፣ በሌላው ጫፍ ማካካሻው ክብደት ይንጠለጠላል። ማካካሻው የካቢኑን ክብደትና ከሙሉ ጭነቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን እንዲይዝ ይደረጋል፤ የዚህኛው 45 ነው። የ1600 ኪሎ 45 ከመቶ 720 ኪሎ ነው። ስለዚህ 720 ኪሎ ሲጫንበት ሁለቱ ጫፎች እኩል ይሆናሉ፤ ሞተሩ ሲወጣም ሲወርድም ተመሳሳይ አምፔር ይስባል።

ባለ 40 ኪሎ የአሸዋ ከረጢቶች አዘጋጀን። እኩል መሆን ያለበት በአሥራ ስምንት ከረጢት ነው። አሥራ ስምንቱንም ጫንን፤ ሲወጣ 23፣ ሲወርድ 9 አምፔር አነበብኩ። ከረጢት እያወረድን ደጋገምን። አሥራ ስድስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት። እኩል የሆነው አሥር ከረጢት ላይ ነው። ስምንት ከረጢት፣ ማለትም 320 ኪሎ የጠፋ ክብደት አለ።

የማካካሻውን ብረቶች ቆጠርኩ፤ አልጎደሉም። እንግዲያ የከበደው ካቢኑ ነው። ግን በምን?

ካቢኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ ኮሪደሩን የሚወለውሉት እትዬ መወልወያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ ድምፁ የተለወጠው ወለሉ ከታደሰ ወዲህ ነው» አሉ።

«የምኑ ወለል፣ እትዬ?»

«የተቀመጥክበት ነዋ። ድሮ ጥቁር ላስቲክ ነበር። ያምር ዘንድ ብለው እብነ በረዱን አነጠፉበት።»

እጄን ከሥሬ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ግራጫ ጅማት ያለው እብነ በረድ ነው። አሥር ቀን ስረግጠው ሰንብቼ አላየሁትም። ወለሉ 3.36 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ ብቻውን 180 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ምርጊት ደግሞ ሌላ 130። ሒሳቡ ገጠመ።

ሞተሩ በሙሉ ጭነት ጊዜ ማንሣት የነበረበት ልዩነት 880 ኪሎ ነበር፤ እብነ በረዱ 1,200 አድርጎታል። ሞተሩ አልደከመም። ከአቅሙ አንድ ሦስተኛ በላይ ጨምረውበት ነው። ከወለሉ አልፎ የሚቆመውም፣ ኢንቨርተሩ የሚግለውም በዚሁ ነው።

ተነሥቼ የእትዬን እጅ ሳምኩ። አራት ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር ነው የነገሩኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 30

አስተዳደሩ እብነ በረዱ እንዲነሣ አልፈለገም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ሲጸዳም ያምራል። «ማካካሻው ላይ ብረት ጨምርበትና ይስተካከል» አሉኝ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሚዛኑ በእርግጥ ይስተካከላል። ነገር ግን ካቢኑ በድንገት ቢፈጥን ሐዲዱን ነክሶ የሚያቆመው መያዣ፣ ከጉድጓዱ ሥር ያሉት ተቀባይ ሞላዎች፣ የካቢኑም ማዕቀፍ የተመረጡት ለመጀመሪያው ክብደት ነው። ብረት ብጨምር በሁለቱም ጫፍ ጭነት እጨምራለሁ፤ እነርሱ ግን አይጨምሩም።

ይህንን በወረቀት ሥዬ አስረዳሁ። አልተግባባንም። በመጨረሻ የቀዶ ሕክምና ክፍሏን ኃላፊ ሲስተር ይዣቸው ገባሁ። እርሳቸው ስለ ሚዛን አልተናገሩም። «ታካሚ ስናወጣ እዚያች ደፍ ላይ ስንደርስ እጄን ጨምድዶ ይይዘኛል። የፊተኛው ጎማ ዘጭ ሲል ስፌቱ ድረስ ይሰማዋል» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ፈቃዱ ከሰዓት በኋላ ተፈረመ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

እብነ በረዱን ሰበርን። አቧራው ወደ ታካሚዎቹ እንዳይሄድ በሩን በእርጥብ አንሶላ ጋረድነው፤ ድምፁ እንዳይበዛ በመሮና በማርቴሎ ብቻ ሠራን። ፍርስራሹን በልብስ ንጽሕና ክፍሉ ሚዛን እየመዘንን አወጣነው፤ 322 ኪሎ። ረዳቴ የመጨረሻውን ጆንያ ሲያስቀምጥ ቁጥሩን ደጋግሞ አነበበው። እኔም አነበብኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ወለሉ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ ተለጠፈ፤ ጠርዙም ውሃ እንዳያስገባ ተበየደ። አሥራ ስምንቱን ከረጢት መልሰን ጫንን። ሲወጣ 14.1፣ ሲወርድ 13.6 አምፔር። በቂ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ከመጠን በላይ ጭነት ሲገባ የሚጮኸው የክብደት መለኪያ «ባዶ» የሚለውን የተማረው እብነ በረዱ ላይ እያለ ነው፤ አንድ ሰው ከተነጠፈ በኋላ ዜሮውን እንደገና አስተካክሎታል። በዚህ ምክንያት 1600 ብሎ የሚያስበው 1920 ኪሎ ነበር። ዜሮውን በባዶ ካቢን አስተማርኩት። በከረጢት ሞከርነው፤ ልኩን እንዳለፈ ጮኸ፣ በሩም ክፍት ሆኖ ጠበቀ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ቀኑን ሙሉ በብረት ማስመሪያና በመብራት ደፍ ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ። የአውሮፓው የአሳንሰር ደረጃ ኢኤን 81-20 ካቢኑ ከወለሉ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይርቅ እንዲቆም፣ ሲጫንና ሲራገፍ ደግሞ ከ20 እንዳያልፍ ይላል። የአልጋ ጎማ ትንሽ ናት፤ ለሆስፒታል እኔ ከ5 በላይ አልወድም። በባዶው፣ በግማሽ ጭነት፣ በሙሉ ጭነት፣ ከላይ ሲመጣና ከታች ሲመጣ ሰባቱን ፎቅ ለካሁ። ስድስተኛው ፎቅ ላይ ብቻ 8 ሆነ፤ ምልክት ሰጪውን ማግኔት ዝቅ አድርጌ ወደ 4 አመጣሁት። ሌላው ሁሉ ከ2 እስከ 5 ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የመጨረሻውን መያዣ ሞከርን። ገቨርነሩ ካቢኑ ከተወሰነለት ፍጥነት ቢያንስ 15 ከመቶ ሲያልፍ ገመዱን ይይዛል፤ ገመዱ ሲያዝ ከካቢኑ ሥር ያሉት ጥርሶች ሐዲዱን ይነክሳሉ። በ1854 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤሊሻ ኦቲስ ኒው ዮርክ ላይ ሕዝብ ፊት በቆመበት መድረክ ገመዱን አስቆርጦ ያሳየው የዚህን አባት ነው። እኛ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ካቢኑ ውስጥ ሰው ሳይኖር አደረግነው። ካቢኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሐዲዱ ላይ በግራም በቀኝም ጣት የሚያህል አዲስ ጭረት ታየ፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ነክሰዋል። ጭረቱን በሞረድ አለሰልሰን መለስነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ ተነሣ፤ አሳንሰሩ ግን እምቢ አለ። ጀነሬተሩ በቅርቡ ሲጠገን ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ቅደም ተከተሉን የሚጠብቀው ሪሌ ደግሞ ትክክለኛ ሥራውን ሠርቶ አገደው። ሁለቱን ገመዶች አዘዋወርን። መብራት ሲጠፋ ካቢኑን እስከ ቅርብ ወለል አድርሶ በር የሚከፍተው ባትሪም ሞቶ ስለነበረ ተለወጠ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት ለጥበቃና ለቴክኒክ ክፍል ሠራተኞች ሰው ውስጥ ሲቀር እንዴት እንደሚወጣ አሠለጠንኩ። መመሪያው በማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ በውጭ ቋንቋ ብቻ ስለነበረ በአማርኛ በትልቁ ጻፍኩት፦ «መጀመሪያ ውስጥ ያለውን ሰው አነጋግር፤ እየመጣን ነው በለው። ቀጥሎ ዋናውን ማብሪያ አጥፋ። በሮቹ ሁሉ መዘጋታቸውን አረጋግጥ። ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት ልቀቅ፤ አንድ ሰው ይልቀቅ፣ ሌላው መዘውሩን ይያዝ። ገመዱ ላይ ያለው ቢጫ ምልክት ሲገጥም አቁም። ወለሉ ሳይገጥም በር አትክፈት።» አራቱም እየተፈራረቁ በእጃቸው አደረጉት። አልጋ የበሮቹን ጠርዝ እንዳይገጭም ከምናለሽ ተራ በተገዛ ወፍራም የመኪና ጎማ ቁራጭ መከላከያ ሠርተን በየፎቁ አሰርን።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጥኩት። ከቀዶ ሕክምና የወጡ አንድ አዛውንት የመጀመሪያው ታካሚ ሆኑ። ሲስተር አልጋውን በሁለት እጃቸው ይገፋሉ፤ ደፉ ጋ ሲደርሱ ከልምዳቸው የተነሣ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ የፊተኛው ጎማ አለፈ፤ የኋለኛውም አለፈ። የግሉኮሱ ከረጢት አልተወዛወዘም። አዛውንቱ ዓይናቸውን አልገለጡም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሲወጡ ሲስተር አልቀነሱም።

ሰኞ ቁጥር አንድን እናቆማለን። መጀመሪያ የካቢኑን ወለል አያለሁ።